ወረቀቱ 300 ፈረስ ይላል፤ የድሬዳዋ አየር ግን ሌላ ይላል፦ የጎልፍ ጂቲአይ ሪማፕ አገልግሎት ግምገማ

በድሬዳዋ ቱርቦ (ለሞተሩ ተጨማሪ አየር አምቆ የሚነፋ መሣሪያ) የተገጠመላቸው ትናንሽ ፈጣን መኪኖች ብዙ አይደሉም፤ ባለቤቶቻቸው ግን እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ሲገናኙም ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ሪማፕ አስደረግህ? ስንት ፈረስ ጨመረልህ?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ለሆነው የቮልስዋገን ጎልፍ 7 ጂቲአይ መኪናዬ ያስደረግሁትን የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ (ሪማፕ) አገልግሎት ይገመግማል። አገልግሎቱን የሰጠኝን ጋራዥ ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር በአንድ ጋራዥ የተወሰነ ሳይሆን በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ አሠራር ስለሆነ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ መኪናው በእርግጥ ጉልበት ጨምሯል፤ ገንዘቤም አልባከነም። ይሁን እንጂ በወረቀት የተሰጠኝ ቁጥር ለድሬዳዋ ሙቀትም ሆነ እዚህ ለምንቀዳው ቤንዚን የተጻፈ አልነበረም፤ እንዲያውም በወረቀት ላይ አነስተኛ ጉልበት የተመዘገበለት ሁለተኛው ፋይል (በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም) በከሰዓት ሙቀት ከመጀመሪያው በልጦ ተገኝቷል።

አገልግሎቱን ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው ላፕቶፑን ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የፋብሪካ ፕሮግራም ያነባል፤ ፋይሉን በኢንተርኔት ውጭ አገር ላለ አዘጋጅ ይልካል፤ የተሻሻለው ሲመለስለትም በመኪናው ላይ ይጭነዋል። መፍቻ የሚባል ነገር አይነሳም። የሚለወጡት ቱርቦው እስከ ምን ያህል ግፊት እንዲነፋ፣ ካንዴላው በየትኛው ቅጽበት እሳት እንዲሰጥ፣ ምን ያህል ቤንዚን እንዲረጭና የጉልበቱ ጣሪያ የት ላይ እንዲሆን የሚወስኑት ሠንጠረዦች ናቸው። ቱርቦ በሌለው መኪና ላይ ይህን ማድረግ ብዙም ፋይዳ የለውም፤ ሞተሩ ከከባቢው የሚስበው አየር የተወሰነ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ አየር ከየትም ሊያመጣ አይችልም። ቱርቦ ባለው መኪና ግን ፋብሪካው መኪናው በየትኛውም አገር ነዳጅና አየር ሳይጎዳ እንዲሠራ ሲል የተወው ሰፊ ትርፍ ስላለ ከዚያ ላይ ማንሳት ይቻላል።

ባለሙያው ጭነቱን ጨርሶ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ አንድ በቀለም የታተመ ወረቀት ሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች ተሥለዋል፤ ከታችኛው ጫፍ ላይ 220፣ ከላይኛው ጫፍ ላይ 300 ተጽፏል። «አቦ፣ 300 ፈረስ ይዘህ ነው የምትወጣው፤ የደንገጎን አቀበት ስትወጣ ታየዋለህ» አለኝ። ወረቀቱን ቀርቦ ለሚያይ ሰው ግን የጎደለው ይበዛል። የተለካበት ቦታ ከፍታ፣ የአየሩ ሙቀትና ግፊት፣ ያገለገለው የእርማት ዓይነት፣ ጉልበቱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ይሁን በጎማ ላይ አልተጻፈም። ከሁሉም በላይ የተለካው የእኔ መኪና አይደለም፤ ፋይሉን ያዘጋጀው ድርጅት በሌላ አገር በሌላ መኪና ላይ ያወጣው ሥዕል ነው። ባለሙያውን ስጠይቀው ይህንኑ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ለዚህ ግልጽነቱ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ሳይጠየቅ አይነገርም ነበር፤ ብዙ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ወደ መንገድ ከመውጣት በፊት በሒሳብ ብቻ መፈተን ይቻላል። የፈረስ ጉልበት ማለት የመጠምዘዝ ኃይሉ በሞተሩ ዙር ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ በኒውተን ሜትር የተሰጠውን ኃይል በደቂቃ ዙር አባዝቶ ለ7,024 ማካፈል ቁጥሩን ይሰጣል። ፋብሪካው ለዚህ መኪና የሰጠው ከ1,500 እስከ 4,400 ዙር ድረስ 350 ኒውተን ሜትር፣ ከ4,500 እስከ 6,200 ዙር ድረስ ደግሞ 220 ፈረስ ነው። በ6,200 ዙር ላይ 220 ፈረስ ለማግኘት 249 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ በዚያው ዙር 300 ፈረስ ለማውጣት ግን ወደ 340 ኒውተን ሜትር ያስፈልጋል። ይህ 36 በመቶ ጭማሪ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም ትንሹ የፋብሪካ ቱርቦ ትንፋሹ በሚያጥርበት የላይኛው ዙር ላይ ነው። በመካከለኛው ዙር ያለው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ3,500 ዙር ላይ 350 ኒውተን ሜትር 174 ፈረስ ሲሆን 420 ኒውተን ሜትር ቢሆን 209 ይሆናል፤ ማለትም የላይኛው ጫፍ ቁጥር ምንም ሳይነካ ሰው በየቀኑ በሚነዳበት ዙር ላይ 35 ፈረስ ሊጨመር ይችላል። በእኔ እምነት የሪማፕ እውነተኛ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ ሻጮች በትልቁ የሚያትሙት ግን የላይኛውን ጫፍ ነው።

ቀጥሎ የእርማቱ ጉዳይ ይመጣል። ዳይኖ የሚባለው፣ መኪናው በከበሮ ላይ እየሮጠ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን፣ የተለያየ አየር ባለባቸው ቦታዎች የተወሰዱ ውጤቶችን ለማነጻጸር ሲባል ያነበበውን ቁጥር በቀመር ያርማል። የጀርመኑ ዲን 70020 የሚባለው መለኪያ ውጤቱን ወደ 20 ዲግሪና ወደ 1,013 ሚሊባር ግፊት ይመልሰዋል፤ ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው የአሜሪካኖቹ ደግሞ ወደ 25 ዲግሪና ወደ 990 ሚሊባር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ችግሩ ቀመሩ ከባሕር ወለል ብዙ ላልራቀ ቦታ የታሰበ መሆኑ ነው። የኤስኤኢው መለኪያ ራሱ እርማቱ ከ7 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቅድም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ወደ 877 ሚሊባር ነው፤ በ35 ዲግሪ ሙቀት የኤስኤኢውን ቀመር ብንሠራበት እርማቱ 17 በመቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪና በ760 ሚሊባር ብንሠራው ደግሞ 34 በመቶ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር በድሬዳዋ 200 ፈረስ ያነበበ ማሽን 235 አድርጎ ሊያትም ይችላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ይኸው 200 ወደ 269 ይወጣል። መኪናው ግን ስንዝር ታህል አልተለወጠም።

ይህ እርማት ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ይበልጥ ያሳስታል። ቀመሩ የተሠራው አየር ሲሳሳ በዚያው መጠን ለሚደክም ሞተር ነው፤ የጂቲአይ ኮምፒውተር ግን የሚከታተለው በሞተሩ መግቢያ ውስጥ ያለውን ፍጹም ግፊት (የከባቢውን አየር ግፊት ጨምሮ የሚቆጠረውን) ስለሆነ የውጭው አየር ሲሳሳ ቱርቦውን አብዝቶ በማዞር ጉድለቱን ይሞላል። ቱርቦው የሞላውን ጉድለት ቀመሩ መልሶ ሲሞላው ያልተሠራ ጉልበት በወረቀት ላይ ይወለዳል። ስለዚህ በእኛ አገር ዳይኖ ላይ የሚወጣ ሰው ማሽኑ ያለ እርማት ያነበበውን ቁጥር ይጠይቅ፤ ከማስተካከያው በፊትና በኋላ ያሉትንም በተመሳሳይ ሁኔታ ያስለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየትኛውም ነጠላ ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

ስለ አየር ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሐረር ከፍ ያለች ስለሆነች መኪና እዚያ ይደክማል፣ ድሬ ላይ ግን ይበረታል ብሎ ያምናል። በማለዳ ይህ እውነት ነው። በከሰዓት ግን የድሬዳዋ አየር በ35 ዲግሪ ሲሞቅ በኩብ ሜትር 0.99 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በ1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር በ22 ዲግሪ ያላት አየር ደግሞ 0.95 ገደማ ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ነው። በሐረር ጎዳናዎች ዛሬም ታክሲ ሆነው የሚሠሩት እነዚያ ፔጆ 404ዎች ቱርቦ ስለሌላቸው የአየሩን ክብደት እንዳገኙት ይበላሉ፤ ለእነርሱ በከሰዓት ድሬና ሐረር ከዚህ አንጻር ያን ያህል አይራራቁም። ለቱርቦ መኪና ግን ሐረር ሳትሻል አትቀርም፤ ቱርቦው የግፊቱን ጉድለት መሙላት ሲችል ሙቀቱን ግን ሊያስወግድ አይችልም፤ እንዲያውም ይጨምርበታል። በመግቢያው 2.2 ባር ፍጹም ግፊት የሚፈለግ ከሆነ፣ በባሕር ወለል ያለ ቱርቦ አየሩን 2.2 ጊዜ ገደማ ማመቅ ሲኖርበት ድሬዳዋ ያለው 2.5 ጊዜ ማመቅ አለበት። ከቱርቦው የሚወጣው አየር፣ የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ጋ ከመድረሱ በፊት፣ በስሌት ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ሙቀት ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ሪማፑ ግፊቱን ወደ 2.5 ባር ሲያሳድገው ደግሞ ጫናው ወደ 2.85 ይዘልላል።

ዳይኖ በሌለበት ጉልበትን መለካት የማይቻል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመኪናውን ክብደትና ከአንድ ፍጥነት ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ግን አማካይ ጉልበቱን በወረቀትና በእርሳስ ሊያገኘው ይችላል። እኔ የተጠቀምሁት ከከተማው ወጥቶ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ሜዳማና ቀጥ ያለ ክፍል ነው፤ ማለዳ ላይ ግመሎችና ፍየሎች ሳይወጡ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች ሳይበዙ። ማርሹን ሦስተኛ ላይ ቆልፌ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያለውን ጊዜ በጂፒኤስ መለኪያ ወሰድሁ፤ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይመዘግብ ነበር። ከ100 በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ዙር በዚህ መካከል ይገኛል። ነፋስና ተዳፋት እንዳያሳስቱ እየሄድሁም እየተመለስሁም ለክቼ አማካዩን ወሰድሁ። ጋኑ በግማሽ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ የጎማው ንፋስ እኩል ሆኖ፣ ቤንዚኑም ከአንድ ማደያ የተቀዳ ነበር። እነዚህ ዝርዝሮች የሚያሰለቹ ቢመስሉም አንዱ ብቻ ቢዛነፍ የምንፈልገውን ልዩነት የሚያህል ስሕተት ያመጣል፤ በተለይ ኤሲ በድሬዳዋ ሙቀት ከሞተሩ የሚነጥቀው ጉልበት በመለኪያው ላይ በግልጽ ይታያል።

ከማስተካከያው በፊት በማለዳው ቅዝቃዜ ከ60 ወደ 100 ለመድረስ 3.7 ሰከንድ ፈጀ፤ ከመጀመሪያው ፋይል በኋላ 3.2። መኪናው ከሁለታችን ጋር 1,450 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በዚህ መካከል የሚያገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 358 ኪሎ ጁል ነው። ይህን በሰከንዱ ብናካፍለው መኪናውን ወደፊት ለማስፈንጠር የዋለው አማካይ ጉልበት በፊት 132 ፈረስ፣ በኋላ 152 ፈረስ ይሆናል። በአየር ግፊያና በጎማ የሚባክነው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ከፋብሪካው 220 ጋር የሚነጻጸር ቁጥር አይደለም። ለሁለቱም መለኪያዎች ግን ያው ስለሆነ ንጽጽሩን አያበላሸውም። ጭማሪው 16 በመቶ ገደማ ነው። ወረቀቱ የገባው ቃል 36 በመቶ በመሆኑ ከግማሽ ያነሰ ተገኘ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም 16 በመቶ በመንገድ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ከባድ መኪና ቀድሞ ለመግባት የሚያስፈልገው ርቀት ሲያጥር ማንም ሰው ያለ መሣሪያ ያውቀዋል።

የባለሙያው ምክር ግን ደንገጎን ውጣ የሚል ነበርና ወጣሁ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርሰው ያ ጠመዝማዛ አቀበት ለቱርቦ መኪና ከየትኛውም ማሽን የበለጠ ፈታኝ ነው፤ ሸክም የጫኑ መኪናዎች ከፊት ሲያዘግሙ ኢንተርኩለሩ በቂ ንፋስ አያገኝም፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ደግሞ ሙሉ ግፊት ይጠየቃል። ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚነበቡትን ቁጥሮች ስልኩ ላይ ከፍተን ስንከታተል፣ የመግቢያው አየር ሙቀት አቀበቱ ግርጌ 48 ዲግሪ ነበር፤ ሽቅብ ስንል 67 ደረሰ። የውጭው አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሞተሩ አየር እየሞቀ ሄደ። በዚያው ጊዜ ከሥሩ ያለው የካንዴላ ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) መስመር ይበልጥ የሚናገር ነበር፤ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ኮምፒውተሩ እሳቱን በ6 ዲግሪ፣ በሁለተኛው በ4.5 ዲግሪ (የሙቀት ሳይሆን የሞተሩ ዘንግ መዞሪያ ዲግሪ) አዘግይቶታል። ይህ ማለት ሞተሩ ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው መቀጣጠል) ሊጀምር ሲል ማዳመጫው ሰምቶ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን እየቀነሰ ነው። ሾፌሩ የሚሰማው አንዳችም ድምፅ የለም፤ የመኪናው መፍዘዝ ብቻ ነው የሚሰማው። ወረቀቱ ላይ የተሣለው ቀይ መስመር የማይናገረው ይህን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ፋይል የተዘጋጀው 98 ኦክቴን ቤንዚን እንደልብ ለሚገኝበት አገር ነው፤ እኛ ግን ማደያ ስንገባ የምንመርጠው ኦክቴን የለም፤ የተገኘውን ቤንዚን ለማግኘትም ብዙ ጊዜ ሰልፍ እንጠብቃለን። ኦክቴኑ ሲቀንስ ነዳጁ በግፊትና በሙቀት ሳይታሰብ የመቀጣጠል ዝንባሌው ይጨምራል፤ ስለዚህ በከፍተኛ ግፊት ላይ የታሰበው ታይሚንግ አይያዝም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 በደረሰ ጊዜ ያንኑ የደወሌ መንገድ ስለካው ውጤቱ ይህንኑ አረጋገጠ። በፋብሪካው ፕሮግራም በዚያ ሙቀት 3.9 ሰከንድ የፈጀው መኪና በመጀመሪያው ፋይል 3.6 ፈጀ። ጭማሪው ከ16 ወደ 8 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቀዝቃዛው ሰዓት አጭር በመሆኑ የመኪናው እውነተኛ ጉልበት የማለዳው ሳይሆን የከሰዓቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እነዚህን ቁጥሮች ይዤ ወደ ባለሙያው ተመለስሁ፤ ለዚህ ሰው ጥሩ ነጥብ የምሰጠው እዚህ ላይ ነው። አልተከራከረኝም፤ ንባቡን ለፋይል አዘጋጁ ላከለትና ለአነስተኛ ኦክቴንና ለሞቃት አየር የተዘጋጀ ሁለተኛ ፋይል ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስመጣልኝ። በዚህኛው ፋይል የቱርቦው ግፊት ከ2.5 ወደ 2.3 ባር ዝቅ ብሏል፤ ታይሚንጉም ይበልጥ ጥንቁቅ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት 265 ፈረስ ይላል፤ 35 ፈረስ «ከሰርሁ» ማለት ነው። በመንገድ ላይ የሆነው ግን እንዲህ ነበር። በማለዳ 3.3 ሰከንድ ስለፈጀ ከመጀመሪያው በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀረ። በከሰዓት ሙቀት ግን 3.5 ፈጀ፤ ከመጀመሪያው ፋይል ቀደመ። ጭማሪው በማለዳ 12፣ በከሰዓት 11 በመቶ ላይ ተቀመጠ። ደንገጎ ላይም ታይሚንጉ ከ2 ዲግሪ በላይ ሲዘገይ አላየሁም። መኪናው ዛሬ የሚሄደው በዚህ ሁለተኛ ፋይል ነው።

ባለ ስልክ ሁሉ በሚያወርዳቸው መተግበሪያዎች ላይ «የፈረስ ጉልበት» የሚል መስኮት አለ፤ ጓደኞቼም ብዙዎቹ በዚያ ይከራከራሉ። ለመጠንቀቂያ ያህል፣ መተግበሪያው ብዙውን ጊዜ ጉልበቱን አይለካም፤ የሞተሩ ኮምፒውተር «ይህን ያህል እያወጣሁ ነው» ብሎ የሚገምተውን ተቀብሎ ያሳያል። ሪማፕ ሲደረግ ደግሞ ይህ ግምት የሚሰላባቸው ሠንጠረዦች ራሳቸው ይነካሉ። አንዳንድ ፋይል አዘጋጆች ካምቢዮው ወይም ሌላ መቆጣጠሪያ እንዳይቃወም ግምቱን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሌሎች ከፍ ሲል ይተዉታል። ከሪማፕ በኋላ ያን መስኮት ማመን ተከሳሹን ዳኛ እንደ ማድረግ ነው። ሊታመኑ የሚችሉት በቀጥታ የሚለኩት ናቸው፦ ጊዜ፣ ፍጥነት፣ የመግቢያ ሙቀት፣ ግፊትና የታይሚንግ መዘግየት።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የእኔ መኪና ካምቢዮ ስድስት ማርሽ ያለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ዲኤስጂ ነው፤ ይህ ካምቢዮ በፋብሪካ የታሰበው ለ350 ኒውተን ሜትር ነው። ሞተሩ በፋብሪካ ይዞት የመጣው ኃይል ራሱ ልክ ያንኑ ስለሚያህል ማንኛውም ጭማሪ ከልኩ በላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ጤነኛ ካምቢዮዎች ከዚህ በላይ ሲሸከሙ ይታያል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ያረጀ ወይም የካምቢዮ ዘይቱ ሳይቀየር የቆየ ከሆነ መንሸራተት ይጀምራል፤ የሚያስከትለው ወጪም ከሪማፑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ባለሙያው ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረም። ሞተሩን ከማንበቡ በፊት የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ሊጠይቅ፣ ካንዴላዎቹን ሊያይ፣ በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ያሉትን ቱቦዎች ሊፈትሽ ይገባው ነበር፤ እነዚህን ያደረግሁት አስቀድሜ በራሴ ተነሳሽነት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለ መኪና ቢበላሽ የሚተካ ሌላ መኪና በቀላሉ አይገኝም፤ መለዋወጫውም ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ በኩል እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

ስለ ዋጋው የምለው አጭር ነው። የከፈልሁት አራት ጥሩ ጎማዎች ከሚያወጡት ብዙ አይርቅም። ጎማው ያረጀ፣ ፍሬኑ የሳሳ መኪና ይዞ ለሪማፕ የሚሰለፍ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ቢያውለው ይሻለዋል። ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ መኪና ያለውና ተጨማሪ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ከከፍተኛ ፋይል ይልቅ ትልቅ ኢንተርኩለር ቢያስገባ ለድሬዳዋ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ የእኛ ችግር የግፊት ማነስ ሳይሆን የሙቀት መብዛት ነውና። እኔ ራሴ ቀጥዬ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ፋይል እንደገና በከሰዓት ፀሐይ መፈተን ተገቢ ይሆናል።

ለሚሄድ ሰው የምመክረው የመጨረሻ ነገር የፋብሪካውን ፋይል የሚመለከት ነው። ባለሙያው ከማስተካከያው በፊት ያነበበውን የመኪናዬን የመጀመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኛል፤ ጠይቄው ነው የሰጠኝ። ይህ ፋይል ከሌለ መኪናው ሲሸጥ፣ ገዢው ያልተነካ ሞተር ሲፈልግ ወይም ሌላ ባለሙያ የሞተር ችግር ሲመረምር ወደ ነበረበት መመለስ አስቸጋሪ ይሆናል። አንዳንድ ጋራዦች ፋይሉን ለራሳቸው አስቀርተው መመለሻውን እንደገና ያስከፍላሉ። ስለዚህ ፍላሹን በእጃችሁ ሳታገኙ፣ በውስጡ ያለው ፋይል የእናንተው መኪና መሆኑንም በሻንሲ ቁጥሩ ሳታረጋግጡ ክፍያውን አትጨርሱ።